ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት

አንዳንዱ «ይሻላል» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ብዙው ሰው እዚያው ላይ ይተወዋል። ሌሊት ምጥ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ግድግዳ የሚጋራው ሰው ነው፤ ወንድም በማግስቱ ይሰማል። መጽሐፈ ምሳሌ 27፥10 ላይም ይህንኑ የሚመስል ምክር አለ።

የቃሉ አመጣጥ ግን ከአባባሉ ይበልጥ ይገርማል። «ጎረቤት» የግእዙ «ጎር» እና «ቤት» ተጋጥመው የወጣ ነው። ጎር ብቻውን ጎረቤት ማለት ነው። የዐረብኛው «ጃር» ትርጉሙም ያው ነው፤ የሥር ዘመዱ የዕብራይስጡ «ጌር» ግን መጻተኛ፣ በሰው አገር የተቀመጠ ማለት ነው። ስደተኛና ጎረቤት ከአንድ ሥር በቅለዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ጎፋ መብራት ኃይል ኤርትራውያን፣ ቦሌ ሚካኤል ሶማሌዎች በብዛት ይኖራሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሥራ መሥራትን፣ የባንክ ሒሳብ መክፈትን፣ ልደት ማስመዝገብን ፈቅዷል። ጉርብትና የሚጀመረው ግን «ቡና ጠጡ» ብሎ ልጅ በመላክ ነው። ኤርትራዊው አወል፣ ካልኣይ፣ በረካ ብሎ ስላደገ አቦልና ቶናው አይቸግረውም። ከሱዳን ወይም ከየመን የመጣው ግን አንድ ስኒ ጠጥቶ ሊነሳ ይችላል፤ ሦስት ዙር መሆኑን አስቀድሞ መንገር ነው፤ ቁም ነገሩ የሚወራው ከቶና በኋላ ነዋ። ለሙስሊም ጎረቤት ከክርስቲያን ቤት የሥጋ ወጥ አይላክም፤ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ድፎ ዳቦ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሁልጊዜ ሰጪ በመሆን ነው። ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው እያፈረ ይርቃል። ሙቀጫ ወይም ወንፊት ተዋሱት፤ ሲጠራችሁም ሂዱ።

ከባዱ እድር ነው። ዘግይቶ የሚገባ አባል የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የድስቱን ድርሻ አስልቶ በአንዴ እንዲከፍል የሚጠይቁ እድሮች አሉ፤ አዲስ መጤ እዚህ ላይ ይቀራል። በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል ቢደረግ እድሩ የሚያጣው ነገር የለም። ሌላው ችግር መርዶ ነው፦ እናቱ አገር ቤት ስትሞት ደንቡ ማስረጃ ይጠይቀዋል፣ እሱ ደግሞ ከሸሸበት አገር ወረቀት ማስመጣት አይችልም። ክፍያው ቢቀር እንኳ ምንጣፍ አንጥፎ ሦስት ቀን አብሮት ለመቀመጥ ማስረጃ አያስፈልግም።