«የዘፈቀደ ናሙና» ምንድን ነው?

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። «ዘፈቀደ» በግእዙ «የፈቀደው፣ የወደደው» ማለት ነው፤ በስታቲስቲክስ ግን የዘፈቀደ ናሙና የሚባለው አውጪው ፈቃዱን ጨርሶ የማያስገባበት ነው። «የናሙናችሁ ቅርጽ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ደወል ካልመሰለ፣ እስኪያምር ደጋግማችሁ አውጡ» የሚለው ምክር ከልክ በላይ ተሰራጭቷል። ስህተት ነው።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሰርገኛ ጤፍ የምትገዛ እናት እጇን ወደ ጆንያው ዘልቃ ትቆነጥርና መዳፏ ላይ ትበትናለች። አንዴ ነጩ ይበዛል፣ አንዴ ቀዩ። ነጋዴው ቀይ የበዛበትን እየመለሰ ነጩን ብቻ ቢያሳያት፣ ጆንያውን አላየችም፤ የነጋዴውን ምኞት ነው ያየችው። ቅርጹ የጆንያው ነው፣ የቁንጥሩ አይደለም።

ስለዚህ የምንፈልገውን ቅርጽ የምንሰጠው ለጆንያው ነው። የኤክሴል «ራንድ» (RAND) ቀመር ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል እኩል ዕድል ያላቸው ቁጥሮች ይሰጣል። ከማራኪ ወደ ፒያሳ ታክሲ የመጠበቂያው ጊዜ ኤክስፖኔንሻል (አጭሩ ጥበቃ የሚበዛበት፣ ረጅሙ እየተመናመነ የሚሄድበት ሥርጭት)፣ አማካዩም 12 ደቂቃ ነው እንበል። የወጣውን ቁጥር ከ1 ቀንሱ፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፣ በ−12 አባዙ። 0.5 ቢወጣ 8.3 ደቂቃ፣ 0.9 ቢወጣ 27.6፣ 0.99 ቢወጣ 55.3 ይሆናል። ከ1 መቀነሱን አትዝለሉ፤ «ራንድ» 0 ሊሰጥ ይችላል፣ 0 ደግሞ ሎጋሪዝም የለውም። (ሞልቶ ለሚነሳ ሚኒባስ ይህ ሥርጭት አይሠራም፤ ኤክስፖኔንሻል የሚሆነው የአንዱ መኪና መምጣት ከሌላው ጋር ሳይያያዝ ሲመጡ ነው።)

አሁን እያንዳንዱ 36 የጥበቃ ጊዜ የያዘ ናሙና ደጋግማችሁ አውጡ። አማካዩ ሁሌ 12 ላይ አያርፍም፤ መደበኛ ስህተቱ (የናሙናዎቹ አማካይ በተለምዶ የሚዋዥቅበት መጠን) 12 ለ6 ሲካፈል 2 ነው (12ቱ የጥበቃ ጊዜዎቹ ስብጥር ነው፤ በኤክስፖኔንሻል ከአማካዩ እኩል ነውና፤ 6ቱ የ36 ስኩዌር ሩት ነው)፣ ከ100 ናሙና 95 ያህሉ በ8 እና በ16 መካከል ይወድቃሉ። መዋዠቁ ራሱ ልንለካው የመጣነው ነገር ነው! ከ10 እስከ 14 ያልገባውን «አላማረም» ብሎ የጣለ ሰው አንድ ሦስተኛ ገደማውን ይጥላል፣ 2 የነበረው ስህተትም ወደ 1.1 ይወርዳል። ከዚያ የሚያወጣው የመተማመኛ ወሰን (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል የሚባለው ክልል) ግማሽ ያህል ጠቦ ይታያል፤ ውሸት ነው።

ኤክሴል ሴል በተቀየረ ቁጥር አዲስ ቁጥር ያወጣልና ውጤቱን ቀድታችሁ «ቫሊዩስ» (ቀመሩ ሳይሆን ቁጥሩ ብቻ) ብላችሁ ለጥፉት። በአር ወይም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ሲዱን (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበትን መነሻ ቁጥር) አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ውጤት አይቶ ሲድ መቀያየር ያው የነጋዴው ሥራ ነው። ድግግሞሹን ከ1,000 ወደ 10,000 ማሳደግም 2ቷን መደበኛ ስህተት አያሳንሳትም፤ እሷን የሚያሳንሳት 36ቱን መጨመር ብቻ ነው።