የድንክነት ሕክምናና ልጆች፦ የሚባለውና እውነታው

ልጃቸው አኮንድሮፕላዥያ እንዳለበት የተነገራቸው ወላጆች ወዲያው ምክር ይዘንብባቸዋል። በብዛት የሚታየው የድንክነት ዓይነት ይህ ነው። አንዱ «መርፌ ወጥቶለታል፣ ይረዝማል» ይላቸዋል። ሌላው «ልጃችሁን መሞከሪያ እንዳታደርጉት» ይላል። እስቲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«በዘር የመጣ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከ10 ልጆች 8ቱ ያህል የሚወለዱት ድንክነት ከሌለባቸው ወላጆች ነው። ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ ኤፍጂኤፍአር3 በሚባለው ዘረመል ላይ። ይህ ዘረመል ለአጥንት እድገት እንደ ፍሬን ነው። ሲለወጥ ፍሬኑ እንደተያዘ ይቀራል። እናትየው በእርግዝና ጊዜ የበላችው ወይም የሠራችው ነገር አያመጣውም። እባካችሁ እናቶችን በዚህ አትውቀሱ።

«የእድገት ሆርሞን ቢወጋ ይበቃዋል»

የእነዚህ ልጆች ችግር የሆርሞን እጥረት አይደለም። እክሉ ያለው አጥንት በሚረዝምበት በራሱ የእድገት ንጣፍ ላይ ነው።

«አዲሱ መርፌ እንደሚያስረዝም ተረጋግጧል፣ አለቀ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቮሶሪታይድ በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት ነው። አውሮፓም አሜሪካም በ2021 እ.ኤ.አ. ፈቅደውታል። ዋናው ጥናት ከ5 እስከ 18 ዓመት ያልሞላቸው 121 ልጆችን ለ52 ሳምንት ተከታተለ። መድኃኒቱን የወሰዱት ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ መርፌ) ከወሰዱት ይልቅ በዓመት በአማካይ 1.57 ሴንቲ ሜትር በፍጥነት አደጉ። ትልቅ ውጤት ነው። ግን የተለካው የአንድ ዓመት ፍጥነት ነው፤ ልጁ አድጎ ሲጨርስ የሚኖረው ቁመት አይደለም። 1.57ን በ10 አባዝቶ ተስፋ ማድረግ ያጓጓል። ሰውነት ግን እንዲህ አይሰላም። የእድገት ንጣፎቹ በጉርምስና ማብቂያ ላይ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ የሚሠራበት ቦታ የለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ፈቃዱን በተፋጠነ መንገድ ሲሰጥ የመጨረሻውን ቁመት የሚያሳይ ጥናት እንዲቀጥል የጠየቀው ለዚህ ነው።

«ፕላሴቦ የደረሰው ልጅ በከንቱ ተወጋ»

ይህ ቅሬታ ልቤን ይነካኛል። አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መርፌ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የለም። ቢሆንም 1.57 ሴንቲ ሜትር የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ያው ልጅ ጠዋት ሲለካ ከማታው ትንሽ ይረዝማል። ተረከዙ ከግድግዳው ትንሽ ቢርቅ፣ አንገቱ ቢያዘነብል ቁጥሩ ይለወጣል። ማነጻጸሪያ ከሌለ ጭማሪው ከመድኃኒቱ ይምጣ ከአለካኩ ማን ያውቃል? ልጆቹ ሙከራው ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ ለ6 ወር እድገታቸው ተመዝግቦ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ፕላሴቦ ሲወስዱ የነበሩት ወደ መድኃኒቱ እንዲሻገሩ ተደረገ።

«ወላጅ ለጥናቱ ከፈረመ ልጁ ምን አገባው?»

ያገባዋል። ነገሩ ለዕድሜው በሚመጥን ቋንቋ ተነግሮት ፈቃዱ ይጠየቃል። ቤተሰቡም በፈለገው ጊዜ ማቋረጥ ይችላል።

«ጉዳት የለውም»

የተወጋው ቦታ ይቀላል ወይም ያብጣል። አንዳንዱ ልጅ ያስመልሰዋል። የደም ግፊትም ለአጭር ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ልጁ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በደንብ መብላትና አንድ ብርጭቆ ያህል ፈሳሽ መጠጣት አለበት።

«ቁመቱ ከጨመረ ሌላውም ይስተካከላል»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ከራስ ቅል ሥር ያለው የነርቭ መተላለፊያ ሊጠብ ይችላል፤ በተለይ ለጨቅላዎች አደገኛ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም፣ እያደጉ ሲሄዱ ደግሞ የጀርባ አጥንት ቦይ መጥበብ አለ። መድኃኒቱ እነዚህን መቀነስ አለመቀነሱ የሚታየው በዓመታት ክትትል ነው። መርፌውን የጀመረም ያልጀመረም ልጅ የእንቅልፍ፣ የጆሮና የነርቭ ምርመራው ሊታለፍ አይገባም። ሕፃኑ ሲተኛ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም እጅ እግሩ ከዛለ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።