ክፍት የጨዋታ ፈቃድ ምንድን ነው?

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በነጻ ተለቀቀ፤ ፓይዞ ደግሞ ወስዶ ፓዝፋይንደር ብሎ ሸጠው» የሚለውን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የጠረጴዛ ጨዋታ ከሚወዱ ወጣቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ወክለው የሚጫወቱት የዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ኩባንያ ጨዋታ ነው፤ ፓዝፋይንደር ደግሞ የተፎካካሪው አሳታሚ የፓይዞ ተመሳሳይ ጨዋታ ነው። ነገሩ የሚያጠነጥነው ዊዛርድስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ክፍት የጨዋታ ፈቃድ ላይ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ የሞኝ ኩባንያ ታሪክ አድርገው ጻፉት። እንደ አእምሯዊ ንብረት ጠበቃ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአጨዋወት ሥርዓት በቅጅ መብት አይጠበቅም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 5 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል፤ የአሜሪካ ሕግም እንዲሁ። የገበጣን ጠጠር ማዞር የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። አንድ ሰው ግን የገበጣን አጨዋወት በራሱ ቃል ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ ቢያሳትም መጽሐፉ የእሱ ነው። ክፍት ፈቃድ ማለት ይህ ሰው «እነዚህን ምዕራፎች ቃል በቃል ገልብጣችሁ ሽጡ፤ የመጽሐፌን ስም ግን ሽፋናችሁ ላይ እንዳላየው» ሲል ነው። ጠጠሩን አልሰጠም፤ ቀድሞም የእሱ አልነበረም። የሰጠው አልከሳችሁም የሚል ቃል ነው።

እግረ መንገዴን፦ ስሙ የሚጠበቀው በሌላ ሕግ፣ በንግድ ምልክት ነው (በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 501/1998)። «ከእገሌ ጨዋታ ጋር ይስማማል» ብሎ እውነቱን መጻፍ ብዙ ጊዜ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። የእ.ኤ.አ. 2000ው ፈቃድ ግን ያን እንኳ ይከለክላል። ስጦታ ብቻ ነው የሚሉ ይህን አንቀጽ ያንብቡት።

አስተያየት ሰጪው ዊዛርድስን «ተቀናቃኙን በገዛ እጁ አሳደገ» ይሉታል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ሌላ ይናገራል። ፓይዞ እስከ እ.ኤ.አ. 2007 የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን መጽሔቶች የሚያሳትም አጋር ነበር። በ2008 አራተኛው እትም እጅግ ጠባብ ፈቃድ ይዞ መጣ፤ በ2009 ፓይዞ ያልተዘጋውን አሮጌ ፈቃድ ይዞ ፓዝፋይንደርን አሳተመ። አጋሩን ተፎካካሪ ያደረገው ለእኔ መክፈቱ ሳይሆን መዝጋቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አሮጌውን ፈቃድ የሚሽር፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750,000 ዶላር ከሚያልፍ አሳታሚዎችም ድርሻ የሚጠይቅ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። ቁጣው ስለበረታ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በዚያው ወር የጨዋታውን መሠረታዊ የአጨዋወት ደንቦች የያዘውን ሰነድ ሊሻር በማይችል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ፓይዞ ግን አልተመለሰም፤ በዓመቱ መጨረሻ ፓዝፋይንደርን ከአሮጌው ፈቃድ አውጥቶ እንደገና አሳተመው። የለወጠው በአብዛኛው ስሞችንና አገላለጾችን ነው፤ ባለ ሃያ ጎኑን ዳይስ ወርውሮ ቁጥር መደመሩ እንዳለ ቀጥሏል።