ሥር የሰደደ ብግነት ምንድን ነው? ከራስና ከአንገት ካንሰር ጋርስ ምን አገናኘው?

ትኩስ ነገር ምላስን ሲያቃጥል ቦታው ወዲያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይለበልባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የት እንደነበረ እንኳን አይታወቅም። ይህ ብግነት ነው፤ ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን ሲሉ የምትሰሙት። የደም ሥሮች ሰፋ ይላሉ። ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወጥተው ወደተጎዳው ሥጋ ይገባሉ። የሞተውን ያጸዳሉ፤ በአካባቢው ያሉ ሴሎችም ተባዝተው ክፍተቱን እንዲሞሉ በኬሚካል ያዛሉ። ሥራው ሲያልቅ ትእዛዙም ይቆማል። ብግነት ባይኖር ትንሿ ቁስል ሁሉ መዘዝ ይኖራት ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ትእዛዙ አልቆም ሲል ነው። ጉዳቱ በየቀኑ ከተደጋገመ ወይም ጀርም ቦታው ላይ ተደላድሎ ከተቀመጠ፣ ሰውነት ለወራትና ለዓመታት "ጠግኑ፣ ተባዙ" እያለ ይኖራል። ሥር የሰደደ ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፣ አልጋ ላይም አይጥልም። ስለዚህ ልብ የሚለው የለም።

ብግነትና ካንሰር ዝምድና እንዳላቸው የተጠረጠረው ገና ድሮ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1863 በካንሰር ዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችን አይቶ፣ ካንሰር ብግነት ከቆየበት ቦታ ሊነሳ ይችላል ብሎ ነበር። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ሐኪም ሃሮልድ ድቮራክ ወደዚሁ ጉዳይ ተመለሰ። የካንሰር ዕጢ አልሽር እንዳለ ቁስል ነው፤ ሰውነት ለመዳን የሚጠቀምበትን አሠራር እንዳለ ይወርሰዋል አለ። በእኔ ግምት ነገሩን ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ሰው የለም።

የራስና የአንገት ካንሰር የሚባለው በአፍ፣ በምላስ፣ በጉሮሮ፣ በማንቁርት፣ በአፍንጫና በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ ክፍተቶች የሚነሳ ነው። የአንጎል ካንሰር እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሚነሳው የእነዚህን ቦታዎች እርጥብ የውስጥ ሽፋን ከሚሠሩት ስኩዌመስ ከሚባሉ ጠፍጣፋ ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ 890 ሺህ ገደማ ሰዎች እንደተያዙና 450 ሺህ ገደማ እንደሞቱ ተገምቷል።

ለምን እዚህ ቦታ? የምንተነፍሰውም የምንውጠውም መጀመሪያ የሚነካው ይህንን ሽፋን ስለሆነ ነው። ሽፋኑ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። ሴሎቹ በየጊዜው እየተከፈሉ ነው፤ በተከፈሉ ቁጥር ዲኤንኤያቸውን ይገለብጣሉ፤ በተገለበጠ ቁጥር ስህተት ሊገባ ይችላል።

አሁን የሲጋራ ጭስ ይምጣ። በውስጡ ካሉት ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች አንዱ ቤንዞፓይሪን ነው። ይህ ኬሚካል እንዳለ ቢቀመጥ ይህን ያህል ጉዳት ባላደረሰ። ሴሉ ግን ሊያስወጣው ይፈልጋል፤ ለዚህም በውሃ እንዲሟሟ ለማድረግ በኢንዛይም ይለውጠዋል። ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። በመሀል የሚፈጠረው አዲስ ኬሚካል ዲኤንኤ ላይ ልክክ ብሎ ይጣበቃል። ሴሉ ሳይጠግነው ከተከፈለ ስህተቱ ከእሱ ለሚወጡት ሴሎች ሁሉ ይተላለፋል። አልኮልም የራሱን ያዋጣል። ሰውነትና የአፍ ባክቴሪያዎች አልኮልን ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጡታል፤ እሱም ዲኤንኤን ይጎዳል። በዚያ ላይ አልኮል ሽፋኑን ስለሚያሳሳ የጭሱ ኬሚካሎች ጠልቀው ይገባሉ። ስለዚህ የሚያጨስም የሚጠጣም ሰው አደጋው ተደምሮ ብቻ አይቀርም፤ ይባዛል።

ከሚጎዱት ጂኖች ዋናው ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ነው። የፒ53 ሥራ ዲኤንኤው የተበላሸ ሴል እንዳይከፈል ማስቆም ነው፤ ጥገናው ካልተሳካም ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት የ279 ታካሚዎችን ዕጢ ዘረመል መርምሮ ነበር። ከቫይረስ ጋር ባልተያያዙት ዕጢዎች ውስጥ ይህ ጂን ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ተበላሽቶ ተገኝቷል። የማደግ ትእዛዝ የሚቀበለው ኢጂኤፍአር የተባለው ፕሮቲን ደግሞ በአብዛኞቹ የራስና የአንገት ካንሰሮች ላይ ከልክ በላይ ይበዛል። ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ነው።

እንግዲህ የጂን ብልሽቱ ብቻውን በቂ ቢሆን ብግነትን ማንሳት ባላስፈለገ ነበር። ግን በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች የጤናማ ሰዎችን የምግብ ቧንቧ ሽፋን ሲመረምሩ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ባሉት ላይ የሽፋኑ ሰፊ ክፍል ከካንሰር ጋር የሚያያዝ የጂን ለውጥ በተሸከሙ ሴሎች ተይዞ አገኙት። ሰዎቹ ካንሰር የለባቸውም! የተበላሸ ሴል ተሸክሞ በሰላም መኖር ይቻላል ማለት ነው። ያ ሴል ዕጢ እንዲሆን የሚመገብበት፣ የሚገፋውና የሚሸሸግበት አካባቢ ይፈልጋል። ብግነት የሚያቀርብለት ይህንን ነው።

እንዴት እንደሚያቀርብለት በቅርበት እንየው። በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን አለ። በአሜሪካዊው ባዮሎጂስት በዴቪድ ባልቲሞር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1986 የተገኘ ነው። በሰላሙ ጊዜ ዲኤንኤው ከሚገኝበት ከኒውክለስ ውጭ፣ በሌላ ፕሮቲን ተይዞ ይቀመጣል። ጭስ፣ ባክቴሪያ ወይም የብግነት ኬሚካል ሲመጣ ያሰረው ፕሮቲን ይፈርሳል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ተለቅቆ ወደ ኒውክለስ ይገባና ብዙ ጂኖችን በአንዴ ያስነሳል። ከሚያስመርታቸው አንዱ ኢንተርሉኪን 6 ነው። እሱ ከሴሉ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ራሱ በወጣበት ሴልና በጎረቤቶቹ ላይ ያርፋል። ሲያርፍ ስታት 3 የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል። የስታት 3 መልእክት አጭር ነው፤ ተከፈል፣ አትሙት። እንዲህ የተቀሰቀሰ ሴል ደግሞ ሌላ የብግነት ኬሚካል ይለቃል። ዙሩ ራሱን በራሱ እያከረረ ይሄዳል።

ሌላው ምርት ኢንተርሉኪን 8 ነው። እሱ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል። ኒውትሮፊሎች ጀርም ለመግደል ኃይለኛ የኦክስጅን ውህዶችን ይረጫሉ። እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውሃ የቤቱንም ዕቃ እንደሚያበላሽ ሁሉ፣ እነዚህ ውህዶች የጎረቤት ሴሎችን ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ከድጡ ወደ ማጡ። ኮክስ 2 የተባለው ኢንዛይምም ፕሮስታግላንዲን ያመርታል፤ ይህ ኬሚካል አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያግዛል፣ ካንሰር ገዳይ ሴሎችንም ያዳክማል።

ከዕጢው ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የካንሰር ሴሎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ሰርገዋል። በአንዳንዶቹ ቡድኖች መሀል ተጠቅልሎ የተደራረበ ሮዝ ክብ አለ። ኬራቲን ነው፤ ጥፍርና ፀጉር የሚሠራበት ፕሮቲን። ፓቶሎጂስቶች የኬራቲን ዕንቁ ይሉታል። በዙሪያው ጠቆር ያሉ ሰማያዊ ነጥቦች ፈሰዋል፤ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አንዳንዶቹ ሊገድሉት የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ግን ተታለው የዕጢው አገልጋይ ሆነዋል። ለምሳሌ ማክሮፋጅ የሚባሉት ሴሎች ቁስል ወደ ማዳን ሥራ ይዞራሉ፤ የደም ሥር ያስበቅላሉ፣ ዕጢው እንዲስፋፋ መንገድ ይከፍታሉ።

ከዚህ ሁሉ ለየት ያለ መንገድ ያለው የኤችፒቪ ቫይረስ ነው፤ በተለይ 16ኛው ዓይነት። የማኅፀን በር ካንሰር በማምጣት ይታወቃል። ቶንሲልና የምላስ ሥርም ይወዳል። ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ከሴሉ ራሱ አንድ አጋዥ ፕሮቲን ይዋሳል። ሁለቱ ተያይዘው ፒ53 ላይ የይወገድ ምልክት ይለጥፋሉ። ሴሉም ምልክቱን አይቶ የራሱን ጠባቂ ሰባብሮ ይጥለዋል። ጂኑ ደህና ነው፤ ፕሮቲኑ ግን በተሠራ ቁጥር ይወድማል። ኢ7 የተባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ የሴል ክፍፍልን የሚገድበውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ያጠፋል።

የሚገርመው ቫይረሱ ከብግነት መሸሹ ነው። የማንቂያ ምልክቶችን እያፈነ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። ስለዚህ "ካንሰር ሁሉ ከብግነት ነው" የሚለው በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞር ወሬ አያስኬድም። ከቫይረሱ የመጣው ዕጢ አንዴ ከተፈጠረ ግን ከሌሎቹ ይልቅ በሕክምና የተሻለ ውጤት አለው። የቫይረሱ ፕሮቲኖች ለሰውነት ባዕድ ስለሆኑ፣ ዕጢው ውስጥ ብዙ ተዋጊ ሴሎች መግባታቸው አንዱ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ላይ፣ የጉሮሮ ካንሰራቸው ከኤችፒቪ ከመጣ ታካሚዎች 82 በመቶው ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ቫይረሱ ከሌለባቸው ግን 57 በመቶው ብቻ። ጀርመናዊው የቫይረስ ተመራማሪ ሃራልድ ሱር ሃውዘን ኤችፒቪ በካንሰር ውስጥ ያለውን እጅ በማጋለጡ እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሟል፤ የኤችፒቪ ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ።

የድድ በሽታስ? የቆየ የድድ ብግነት ባለባቸው ሰዎች የአፍ ካንሰር በዛ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ድዳቸው የታመመ ብዙዎቹ አጫሾችም ስለሆኑ፣ ጥፋቱን ለይቶ አንዱ ላይ መጣል ይከብዳል።

"ታዲያ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ብንወስድስ?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ተሞክሯል። ኮክስ 2ን የሚያግደው ሴሌኮክሲብ አፋቸው ውስጥ ቅድመ ካንሰር ለውጥ ላለባቸው ሰዎች ተሰጥቶ የረባ ነገር አላመጣም። የእሱ ዘመድ የሆነው ሮፌኮክሲብ ደግሞ የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋን ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2004 ከገበያ ወጥቷል። ብግነት አንድ ቧንቧ ዘግተው የሚያቆሙት ነገር አይደለም። የምግብ ማሟያ ዱቄት እየሸጡ "ብግነት አጥፉ፣ ከካንሰር ዳኑ" የሚሉትን ባትሰሟቸው ይሻላል።

የተሻለ የሠራው በተቃራኒው አቅጣጫ የመጣው ነው። ተዋጊ ሴሎች ዕጢው ውስጥ ሲገቡ የሚለቁት ኬሚካል ዕጢው ፒዲ ኤል 1 የተባለ ፕሮቲን እንዲያወጣ ያደርገዋል። ያ ፕሮቲን ተዋጊውን ሴል ያስቆመዋል። ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ይህን ማስቆሚያ ያግዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለራስና ለአንገት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቅደዋል። መከላከያውን ከማብረድ ይልቅ መልቀቅ ማለት ነው። ሁሉንም ታካሚ አይረዱም። የሚረዱት ሰው ላይ ግን ውጤቱ ሊቆይ ይችላል።

ከ3 ሳምንት በላይ ያልሻረ የአፍ ቁስል፣ የማይለቅ የድምፅ መጎርነን፣ አንገት ላይ የወጣ የማይጠፋ እብጠት፣ ቢፈትጉትም የማይነሳ ነጭ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ካለ ሐኪም ይየው። አብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ የሚለየው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ደግሞ አደጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው አጭሶ ከማያውቅ ሰው ጋር ይቀራረባል።