በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ አጋዘን ማደን፦ ስለ ካሊበር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል በሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ አጋዘን የሚታደንበት የተለየ ወቅት አላቸው። ሕጉ ዝቅተኛውን ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በኢንች፣ የሚወስነው ደካማ ምት እንስሳውን አቁስሎ ጫካ ውስጥ ለረጅም ሥቃይ እንዳይዳርገው ስለሆነ፣ በቁጥሩ ዙሪያ የሚነገሩት ስሕተቶች ቀላል አይደሉም።

«በመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ቁጥር አለ።»

የለም፤ ደንቡን የሚያወጣው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ለአጋዘን የተፈቀደው ዝቅተኛ ካሊበር በኦሃዮ 0.38፣ በኮሎራዶ 0.40፣ በኒው ዮርክ ደግሞ 0.44 ኢንች ማለትም 11.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያው በኮሎራዶ እንኳ ኤልክ የተባለውን ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ለማደን የሚወጣ ሰው ቢያንስ 0.50 መያዝ አለበት። ደንቦቹ ስለሚሻሻሉ አዳኙ የዓመቱን የግዛት መመሪያ ማንበብ ይኖርበታል።

«ጠመንጃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከበቃ ሌላው አያሳስብም።»

ብዙዎችን ለጥፋት የሚዳርገው ይህ ነው። ከአፈሙዙ ስፋት የቀጠነ ጥይት በፕላስቲክ ማቀፊያ ተጠቅልሎ ሊጎርስ ስለሚችል፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ጥይቱ ራሱ ከተወሰነ ስፋት እንዳያንስ፣ ባሩዱም ቢያንስ 50 ግሬን ማለትም 3.2 ግራም ገደማ እንዲሆን ታዝዛለች። ኮሎራዶ በዚህ ወቅት የፕላስቲክ ማቀፊያውን ጨርሶ ከልክላለች፤ በእንክብል መልክ የተጠፈጠፈ ባሩድንና ዒላማ የሚያቀርብ መነጽርንም እንዲሁ። ፔንስልቬንያ ከገና በኋላ በምትከፍተው ወቅት የሚፈቀደው በባልጩት የሚተኩስ፣ ካሊበሩ 0.44 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጠመንጃ ብቻ በመሆኑ፣ በቆብ፣ ማለትም ሲመታ በሚፈነዳ ትንሽ መለኮሻ፣ የሚተኩስ ጠመንጃ ካሊበሩ 0.50 ቢሆንም እዚያ አያገለግልም።

«የፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ ስለማይቆጥረው ደንብ አይመለከተውም።»

የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ባለ ቀለህ ጥይት መተኮስ የማይችሉትን አብዛኞቹን የዚህ ዓይነት ጠመንጃዎች ከትርጓሜው ያወጣል። ይህ ግን በዋናነት ግዢንና ሽያጭን የሚነካ ነው፤ የአደን ፈቃድንም ሆነ የካሊበር ገደብን አያስቀርም።

«ሕጉ የፈቀደው ዝቅተኛ ካሊበር ለየትኛውም ርቀት ይበቃል።»

የድቡልቡል እርሳስ ክብደት ስፋቱ ሲጨምር እጅግ በፍጥነት ያድጋል። ለ0.40 ጠመንጃ የሚሆነው 93 ግሬን ገደማ ሲመዝን የ0.50ው 177 ግሬን ገደማ ይደርሳል፤ ስፋቱ በሩብ ሲጨምር ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ድቡልቡል ቅርጽ አየርን በደንብ ስለማይሰነጥቅ ቀላሉ እርሳስ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። በእኔ እምነት 0.40 የያዘ አዳኝ እንስሳው በጣም ቀርቦ ጎኑን ካልሰጠው በቀር ቃታ መሳብ የለበትም፤ ከዚያ ርቆ ለመተኮስ የሚያስብ ሰው ሕጉ ባያስገድደውም 0.50 ወይም 0.54 ቢመርጥ ይሻለዋል።