ፖይንቲሊዝም፦ ነጥቡ ነው ወይስ ቀለሙ?
ፖይንቲሊዝምና ዲቪዥኒዝም የሚባሉት የሥዕል አሣሣል ስልቶች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የመጀመሪያው የብሩሹን ነጠብጣብ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ቀለማትን ሳይደባልቁ ጎን ለጎን ማስቀመጥን። «ፖይንቲሊዝም» ተቺዎች ለፌዝ ያወጡት ስም ነው፤ ሠዓሊው ፖል ሲኛክ «ዲቪዥኒዝም» ማለትን ይመርጥ ነበር፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ሰራ በዚህ ስልት የሣለውን ትልቅ ሥዕል፣ «እሁድ ከሰዓት በላ ግራንድ ዣት ደሴት»ን እንይ። በአውሮፓውያኑ 1884 ጀምሮት በ1886 ለእይታ አቀረበው፤ አሁን ቺካጎ ነው። ሣሩን ጠጋ ብሎ ላየው አረንጓዴው መሃል ብርቱካንማና ሰማያዊ ጣል ጣል ብሏል፤ ራቅ ሲሉ ዓይን ራሱ ያዋህደዋል። ቢጫና ሰማያዊ ነጥብ ግን ከሩቅ አረንጓዴ ይሆናል የሚባለው ስህተት ነው፤ የሚሰጠው ወደ ግራጫ ያደላ ቀለም ነው። (በሰራ ሥዕል ላይ ያለው፣ ዚንክ የተባለ ብረት ያለበት ቢጫ ቀለምማ ከጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኗል።)