«ረግረጉን አድርቁት፣ ወባው ይጠፋል»፦ ስለ እንቁራሪትና ስለ ጨፌ ሲነገሩ የሰለቹኝ ስህተቶች

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ በኢሉባቦር በአንዲት ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አጀንዳው ከመንደሩ በታች ያለው ጨፌ ነው። አንድ ባለሙያ ተነስቶ «ይህ ባዶ መሬት ነው። የትንኝና የእንቁራሪት መፈልፈያ ሆኖ ከሚቀር ቦይ አውጥተን እናድርቀው፤ በቆሎ እንዝራበት፤ ወባውም አብሮ ይጠፋል» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ይህንኑ ንግግር በመስክ ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስንት ቦታ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። የሚያሳዝነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የተማረው ሰው መሆኑ ነው።

ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን ስህተቶች ላንሳቸው።

ጉርጥ መንካት ኪንታሮት አያወጣም። ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የጉርጥ ቆዳ ላይ የሚታዩት እብጠቶች ዕጢዎች ናቸው፤ ፈሳሻቸው ዓይንና አፍ ያቃጥላል፤ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ በቃ።

ጉርጥ የእንቁራሪት ባል አይደለም። ጉርጥም የራሱ ሴት አለችው፣ እንቁራሪትም የራሷ ወንድ አላት።

እንቁራሪት ዝናብ ለመለመን አትጮኽም። የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ የሚጠራውም ሴቷን ነው።

በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ሜዳው በእንቁራሪት ሲሞላ «ከሰማይ ዘነቡ» ይባላል። የወጡት ከእግራችን ሥር ነው። በጋውን በአፈር ውስጥ፣ በመሬት ስንጥቅና ከድንጋይ ሥር ተሸሽገው ከርመዋል።

አሁን ወደ ጨፌው።

«ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ያናድደኛል። ያ ስብሰባ የተካሄደበት አዳራሽ አጠገብ ያሉት ጎጆዎች የተከደኑት ከዚያው ጨፌ በታጨደ ሣር ነው። በዓል ሲመጣ፣ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የሚበቅለው ረግረግ ላይ ነው። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ከጨፌው ዳር ይፈልቃል። ረግረግ ክረምቱን እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ በጋውን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቃል። ከአሥር ዓመት በፊት በሌላ ወረዳ፣ በአንድ ምሽት የሦስት ዓይነት እንቁራሪቶችን ድምፅ የቀዳሁበት ጨፌ ነበር። አምና ስመለስ ከዳር እስከ ዳር በቦይ ተሸንሽኖ በቆሎ ቆሞበታል። እስከ እኩለ ሌሊት ብቀመጥ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። በማግስቱ አንዲት እናት እንስራቸውን አዝለው ሲያልፉ ስለ ምንጩ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እሱማ ከጨፌው ጋር ሄደ» አሉኝ።

የወባው ነገር ደግሞ ይብሳል፤ እውነቱ የሚባለው ግልባጭ ነውና። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ናት። እንቁላሏን መጣል የምትወደው ፀሐይ በሚመታው፣ ጥልቀት በሌለው፣ ትንሽና ጊዜያዊ ውሃ ላይ ነው፦ የከብት ኮቴ በተወው ጉድጓድ፣ የመኪና ጎማ በሰረጎደው መንገድ፣ ለጡብ ወይም ለምርጊት አፈር በተቆፈረበት ቦታ። በቄጠማና በደንገል ጥቅጥቅ ብሎ የተሸፈነ፣ ጥላው ቀዝቃዛ የሆነ ረግረግ አይመቻትም። ቦይ ሲወጣና ሣሩ ሲመነጠር ግን ውሃው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ይሞቃል፣ በየቦዩና በየትልሙ ተከፋፍሎ ይተኛል። በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ፣ በካባሌ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ረግረጋቸውን አድርቀው ባረሱ መንደሮች ሙቀቱ ጨምሯል፤ የወባ ትንኝም ደንገሉ ባልተነካባቸው መንደሮች ካለው በልጦ ተገኝቷል።

በቆሎውስ? በኢትዮጵያ የተደረጉ ምርምሮች እንዳረጋገጡት የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲያርፍ ለዚህችው ትንኝ እጭ ምግብ ይሆናል፤ እጩ ቶሎ ያድጋል፣ የምትወጣውም ትንኝ ትልቅ ትሆናለች። ስለዚህ ጨፌ አድርቆ በቆሎ የዘራ መንደር ለትንኟ ቤቱንም ቀለቡንም አዘጋጅቶላታል።

ይህን ሁሉ በስብሰባው ላይ ተናገርኩ፤ ማንም አላመነኝም። ከሰዓት በኋላ የእጭ መቅጃ ጭልፋዬን ይዤ ሦስት ሽማግሌዎችን ወደ ጨፌው ወሰድኳቸው። ከቄጠማው መካከል ሃያ ጊዜ ቀዳን፤ አንድም የአኖፌለስ፣ ማለትም የወባ ትንኝ እጭ አልወጣም። መንገድ ዳር ተመልሰን ከከብት ኮቴ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ቀዳን፤ ጭልፋው ላይ እንደ አኖፌለስ ልማድ ከውሃው ገጽ ጋር አግድም የተጋደሙ እጮች ይርመሰመሱ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ጭልፋውን ከእጄ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። ወባ መቀነስ የፈለገ ሰው መንገዱን ይደልድል፣ ጉድጓዱን ይድፈን፣ አጎበር ይዘርጋ። ከተማ ያለ ደግሞ በርሜሉን ይክደን፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችውና በ2022 ከድሬዳዋው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ የተነሳው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትራባው በበርሜል፣ በገንዳና በግንባታ ቦታ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው።

በእኛ፣ ለእንቁራሪት በምንከራከረው በኩል ያሉትም ያጋንናሉ። «እንቁራሪት ካለች ትንኝ የለም» የሚለው እውነት አይደለም። አዋቂዋ እንቁራሪት ምስጥም፣ ጥንዚዛም፣ ፌንጣም ያገኘችውን ትበላለች። ጅራታም እጮቿም አብዛኞቹ የሚግጡት አልጌ ነው። ግንኙነት ግን የለም ማለት አይደለም። በኮስታ ሪካና በፓናማ እንቁራሪቶች በበሽታ ካለቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየአካባቢው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

«በበጋ የሚደርቅ ኩሬ የሞተ ኩሬ ነው» ይባላል። ለእንቁራሪት ግን ምርጡ ኩሬ እሱ ነው፤ የሚደርቅ ኩሬ ዓሣ አያኖርም፤ ዓሣ ከሌለ እንቁላልና እጭ የሚለቅም የለም። አንድ ርዕሰ መምህር ወዳጄ በግቢያቸው ያለው ኩሬ እንዲያምር ብለው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጨመሩበት። በዓመቱ «እንቁራሪቶቹ የት ሄዱ?» ብለው ደወሉልኝ። ኩሬ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ዓሣ አትጨምሩ። ዳሩን በሲሚንቶ አትገንቡት፤ ቀስ ብሎ የሚወርድ የአፈር ዳር ይኑረው፣ እጮቹ እግር ሲያወጡ የሚወጡበት መውጫ ያስፈልጋቸዋል። በዙሪያው ሁለት ሦስት ሜትር ሣር ሳይታጨድ ይቆይ። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የረጫችሁበትን ማሽን ከውሃው አጠገብ አትጠቡ። ለከብቱ ውሃ በገንዳ ቀድታችሁ ራቅ አድርጋችሁ አጠጡት። እንቁላልም ሆነ እንቁራሪት ከሌላ ኩሬ አምጥታችሁ አትጨምሩ፤ ከተመቻቸው በእግራቸው ይመጣሉ።

«ኩሬውን ከጠበቅን ሁሉንም ጠበቅን» ማለትም አይሠራም። በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከሲሶው የሚበልጡት በሌላ አገር የሉም። ከእነዚህ አንዷ፣ በባሌ ተራሮች ከፍታ ላይ የምትኖር ትንሽ ጉርጥ፣ እንቁላሏን ኩሬ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ትጥላለች፤ እጮቿም እዚያው ያድጋሉ። ከብት በብዛት ሲረግጠው ምን እንደሚሆን አስቡት። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ደግሞ እግር የሌላት፣ የምድር ትል የምትመስል የእንቁራሪት ዘመድ አለች። ሰው አትጎዳም። ገበሬው በዶማ የሚቆርጣት እባብ መስላው ነው።

«ፓርክ ውስጥ ያሉትማ ምን ይሆናሉ?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከባሌው ሐረና ደን ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንቁራሪት በደን ጭፍጨፋና በልቅ ግጦሽ መካከል ነው ያለው። ከዚህ ሌላ በዓይን የማይታይ ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል፤ እንቁራሪት ደግሞ የምትጠጣውም፣ በከፊል የምትተነፍሰውም በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ሥራውን ሲያቆም የደሟ ጨው ይዛባል፣ ልቧም ይቆማል። በዓለም ላይ 90 ያህል ዝርያዎች በዚህ ሰበብ እንደጠፉ ይገመታል። ፈንገሱ በባሌም ተገኝቷል። አጥር አያግደውም፤ በእርጥብ ጫማና በጭቃ ይጓዛል።

ስለዚህ ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው የምትሄዱ ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎችና ተመራማሪዎች ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፤ ጫማውንና መረቡን በበረኪና ውሃ እጠቡ፤ ከጅረቱ ርቃችሁ አፍስሱት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እስኪደርቅም አትቸኩሉ። እኔ በመኪናዬ ውስጥ ሁለት ጥንድ ቦቲ ይዤ የምዞረው ለዚህ ነው፤ አንደኛው ሲደርቅ ሌላኛውን አደርጋለሁ።